ማሪን ኮር ማራቶንን እንዴት እንደተዘጋጀሁበትና በምን ፕላን እንደሮጥኩት

ጥቅምት አጋማሽ ላይ እዚህ ዲሲና አርሊንግተን የሚካሄደውን፣ የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ሚያዘጋጁትን ማሪን ኮር ማራቶን ለመሮጥ ምታስቡ እህት ወንድሞች፣ በተለይ ደሞ ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ምትሞክሩ፣ ይሄን ምጽፈው ለናንተ ነው። ብዙ ሰው በስልክም ቤተክርስቲያንም ሲያገኘኝ ስንት ማይል ልሩጥ፣ ምን ልብላ፣ ጾሙን እንዴት አረግሽው እያለ ይጠይቀኛል፣ ለያንዳንዱ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አንዴ ዘርዘር አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልበል። ይሄ ማራቶን 20ኛው ማይል አካባቢ ላይ ፎርቲንዝ ስትሪት ብሪጅ አለው፣ ከዲሲ ፖቶማክን አሻግሮ ወደ ቨርጂኒያ የሚመልሳችሁ ድልድይ። ሯጮች "ቢት ዘ ብሪጅ" ይሉታል፣ ምክንያቱም እዛ ጋ የሰዓት ገደብ አለ፣ አንዱን ማይል በአማካይ ከ14 ደቂቃ በላይ እየፈጃችሁ ከመጣችሁ ድልድዩ ይዘጋና አውቶብስ ላይ ትወጣላችሁ። ግን እኔ ስለ ድልድዩ ሳስብ የነበረው ስለ ሰዓት ገደቡ አይደለም፣ ከሱ በኋላ ስላለው 6.2 ማይል ነው፣ 10 ኪሎሜትር ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ ያረኩት ልምምድ፣ አበላሌ፣ እንቅልፌ፣ የውድድሩ ቀን ፕላኔ በሙሉ ድልድዩ ጋ ስደርስ መሮጥ ሚችል እግር ይዤ እንድደርስ ነው። ከዚህ በታች ምጽፈው ሁሉ ከዚህ ነው ሚነሳው።

ስለኔ ትንሽ፣ አሌክሳንድሪያ ነው ምኖረው፣ ልጆች አሉኝ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው ምሰራው። ማራቶን ከማሰቤ በፊት ግማሽ ማራቶን ሮጫለሁ፣ ስለዚ ከዜሮ አይደለም የጀመርኩት፣ እናንተም ቢያንስ ሳትቆሙ 6 ማይል መሮጥ ካልቻላችሁ መጀመሪያ እሱን ያዙ ነው ምላችሁ፣ ማራቶኑ ለከርሞም አለ፣ እ.ኤ.አ ከ1976 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ውድድር ነው። ደሞ ደስ ሚለው ነገር የገንዘብ ሽልማት የለውም፣ "የህዝብ ማራቶን" ነው ሚባለው፣ ስለዚ ብዙው ሰው እንደኔና እንደናንተ ስራ ውሎ ሚሮጥ ሰው ነው። ያስቀመጥኩት ግብ ከ4 ሰዓት ተኩል በታች መግባት ነበር፣ ይሄ ሲሰላ በማይል 10 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። ልብ በሉ ግን፣ የእጅ ሰዓታችሁ መጨረሻ ላይ 26.2 (የማራቶን ርቀት በማይል) አይልም፣ 26.5 ምናምን ነው ሚለው፣ ምክንያቱም ኮርሱ ሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፣ እናንተ ግን በሰው መሀል እየተሽሎከለካችሁ ኩርባውን በውጪ በኩል ትዞራላችሁ። ስለዚ 4:30 ምትፈልጉ ከሆነ ሰዓታችሁ ላይ 10:10 ነው ማየት ያለባችሁ። ይሄን ሳያስቡ ፔሱን (አንድ ማይል ሚፈጀውን ደቂቃ) ልክ ይዘው ሮጠው መጨረሻ ላይ በሁለት በሶስት ደቂቃ ሚያልፋቸው ብዙ ናቸው።

ኮርስን ቀድሞ ማጥናት ሚባለውን ነገር የወሰድኩት ከኛው ከአበበ ቢቂላ ነው። እ.ኤ.አ 1960 ሮም ላይ በ2:15:16 ሲያሸንፍ ሰው ሁሉ ሚያነሳው ባዶ እግሩን ነው፣ እኔን ሚገርመኝ ግን ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሆነው የመጨረሻውን መንገድ ቀድመው አይተው የት ጋ ጥሎ እንደሚሄድ መወሰናቸው ነው፣ ቦታው ደሞ ያኔ ሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልታችን አካባቢ። እስከዛ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሮጠ፣ የመረጡት ቦታ ሲደርስ ጥሎት ሄደ፣ በ25 ሰከንድ ቀድሞት ገባ። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ የትም ጋ ይሞክረው ነበር።

እና እኔም የኮርሱን ካርታ አውጥቼ ቤት ለጠፍኩት፣ መስከረም ላይ ደሞ አንድ ቅዳሜ ልምምዴን ክሪስታል ሲቲ ጀምሬ በፔንታጎን በኩል ከሀይዌዩ ጎን ባለው የእግረኛ መንገድ ውድድሩ እስከሚያልቅበት እስከ አይዋ ጂማ የማሪኖች መታሰቢያ ሐውልት ድረስ ሮጥኩት፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን ማይሎች። የመጨረሻዋን ዳገት ሁለት ሶስቴ ወጣኋት። አጭር ናት፣ ግን ከ26 ማይል በኋላ ናት። የውድድሩ ቀን ስደርስባት የት ጋ እንደምትጀምር፣ የት ጋ እንደምትታጠፍ አውቃት ነበር፣ ይሄ ምን ያህል እንደሚረዳ ስትሮጡት ነው ምታውቁት። (ኮርሱን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይቀይሩታል፣ ስለዚ የራሳችሁን ዓመት ካርታ እዩ፣ እኔ ምጽፈው እኔ በሮጥኩበት ነው።)

ወደ ልምምዱ። ፕላኑ 18 ሳምንት ነበር፣ ሰኔ አጋማሽ አካባቢ ይጀምራል። በሳምንት አራት ቀን ነው የሮጥኩት፣ አምስትም ስድስትም ሚሮጡ አሉ፣ ሌሊት ለሚሰራ ሰው ግን አራቱን በደንብ መሮጥ ይሻላል። ሁለቱ ቀን ኢዚ (ዝግ ያለ ሩጫ)፣ አንዱ ቀን ዳገት ወይ ቴምፖ (ፈጠን ያለ ሩጫ)፣ ቅዳሜ ሎንግ ራን (የሳምንቱ ረጅሙ ሩጫ)። እሁድ ቅዳሴ ነው፣ እረፍት። አርብ ሌሊት ስራ እንዳይደርሰኝ ቀድሜ ከስራ ቦታ ተነጋግሬ አስተካከልኩ፣ ሌሊት ሰርታችሁ በነጋታው 16 ማይል ለመሮጥ አትሞክሩ፣ ጉዳት ሚመጣው እንዲ ሲሆን ነው። ከሌሊት ስራ በወጣሁበት ቀን መጀመሪያ ተኝቼ ከሰዓት በኋላ ነው ምሮጠው፣ እሱም ኢዚውን ብቻ።

ኢዚ ስንል በእውነት ኢዚ ነው። እኛ ሐበሾች መሰለኝ ሩጫ ሲባል የሃይሌና የቀነኒሳ የመጨረሻ ዙር ስለሚታየን ቀስ ብሎ መሮጥ ያሳፍረናል፣ ግን እዛ አገር ቤትም እንጦጦና ሱሉልታ ጠዋት ወጥታችሁ ብታዩ ትልልቆቹ አትሌቶች ተሰልፈው እያወሩ በዝግታ ሚሮጡበት ቀን ብዙ ነው። የኔ መለኪያ አባታችን ሆይ ነበር፣ ድምጼን አውጥቼ ሳልቆራርጥ ከጫፍ ጫፍ ማለት ከቻልኩ ፔሱ ልክ ነው፣ መሀል ላይ ትንፋሽ ካጠረኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። በማይል 11 ደቂቃ ተኩል፣ ሲሞቅ 12 ደቂቃ ነበር ኢዚዬ፣ ከውድድር ፔሴ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዘገያል። ስራውን ሚሰራው ርቀቱና ድግግሞሹ ነው፣ ልብና ጡንቻ ጽናት ሚገነቡት፣ ሰውነት ስብ ማቃጠልን ሚለምደው በዚህ ዝግታ ነው፣ እና በነጋታው ደግሞ መሮጥ ትችላላችሁ።

ሎንግ ራኑን ከ8 ማይል ጀምሬ ሶስት ሳምንት እየጨመርኩ አራተኛው ላይ እየቀነስኩ እስከ 20 ማይል አደረስኩት፣ 20ውን የሮጥኩት ከውድድሩ ሶስት ሳምንት በፊት ነው። ከዛ በላይ አያስፈልግም፣ በኛ ፍጥነት ከዚህ በላይ ረጅም ሰዓት እግር ላይ መቆየት ጥቅሙ ሳይሆን ድካሙ ነው ሚበዛው። ቦታ ለማታውቁ፣ ማውንት ቨርነን ትሬል በወንዙ ዳር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ነው፣ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ሚባለው ደሞ ከሸርሊንግተን ተነስቶ 45 ማይል ሚሄድ አስፋልት ነው፣ ሁለቱም ላይ የማይል ምልክት አለ። ለዳገት ከሮስሊን ሚነሳው ከስቲስ ትሬል ነው፣ መውጣት መውረድ ነው እስከመጨረሻው፣ የውድድሩ የመጀመሪያ ማይሎች እዛው ሰፈር ስለሆኑ በደንብ ያዘጋጃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እዚህ ያለውን ሂዩሚዲቲ ታውቁታላችሁ፣ ላቡ አይደርቅም፣ ልብ ከልክ በላይ ይመታል፣ ስለዚ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በኛ አቆጣጠር መውጣት ነው፣ ፔሱንም አትመልከቱት፣ መስከረም ሲገባ አየሩ ሲቀዘቅዝ ያው ሰው በዛው ጉልበት በማይል ግማሽ ደቂቃ ፈጥኖ ራሱን ያገኘዋል።

ከሁሉም ልምምድ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ መስከረም ላይ የሮጥኩትን 18 ማይል ነው ምመርጠው። የመጀመሪያውን 10 ማይል በኢዚ፣ የመጨረሻውን 8 በውድድር ፔስ። ከባድ ነው፣ ግን ድልድዩን ሚመስል ልምምድ እሱ ነው፣ የደከመ እግር ይዞ ፔስ መጠበቅን ያስተምራል። ሁለቴ ካረጋችሁት ይበቃል።

አሁን ስለ ጾም፣ ብዙ ሰው ሚጠይቀኝ ስለሱ ስለሆነ። ለጥቅምት ማራቶን ምትዘጋጁ ከሆነ ፍልሰታ ልምምዱ ሚከብድበት ጊዜ መሀል ላይ ነው ሚገባው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15። እኔ ጾሜያለሁ፣ ልምምዴንም አላቋረጥኩም። መጀመሪያ ነፍስ አባቴን አማከርኩ፣ እናንተም አማክሩ፣ የያንዳንዱ ሰው ጤናና ስራ ይለያያል። በሳምንቱ ቀናት እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳልበላ ሳልጠጣ ስለምቆይ ጠዋት አልሮጥኩም፣ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማታ ማታ ኢዚ ብቻ ሮጥኩ፣ ቴምፖውንና ዳገቱን ለሁለት ሳምንት ተውኩት። ቅዳሜና እሁድ ግን ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ ስለማይጾም ቅዳሜ ማልዶ በልቶ ጠጥቶ ሎንግ ራን መሮጥ ይቻላል፣ የጾም ሰሌዳው ራሱ ለቅዳሜ ሯጭ ሚመች ነው። ከፍልሰታ ውጪ ረቡዕና አርብም እንደ ፍልሰታው የሳምንት ቀናት አደረኩ፣ አርብ ማታ ለነገው ሎንግ ራን ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ በደንብ እበላ ነበር። ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከኦቾሎኒ፣ ከሱፍ ማግኘት ይቻላል፣ መጠኑን ግን ከወትሮው ጨመር ማረግ አለባችሁ፣ በጾም ወቅት ሯጭ ሚደክመው የስጋ እጥረት ሳይሆን በጠቅላላ ምሳና እራቱ ስለሚያንስ ነው። ውድድሩ ራሱ ሚውለው በጽጌ ጾም ነው፣ እሱ የፈቃድ ጾም ስለሆነ እንዴት እንደምታረጉት ከነፍስ አባታችሁ ጋር ወስኑ፣ ውሳኔው ግን ከውድድሩ ሳምንት በፊት ይለቅ፣ በመጨረሻው ሳምንት ምግብ መቀያየር ጥሩ አይደለም።

እህቶች ደሞ አይረን (ደም ሚፈልገው የብረት ማዕድን)። ሴት ሯጭ አይረኗ ቶሎ ይወርዳል፣ ወር አበባ አለ፣ ላብ አለ፣ ጾም አለ። ዶክተራችሁን ፈሪቲን (የተከማቸ አይረን ሚለካበት የደም ምርመራ) እንዲታይላችሁ በስሙ ጠይቁ፣ ሄሞግሎቢን ብቻ ታይቶ ደህና ነሽ ሊሏችሁ ይችላል፣ የተከማቸው አይረን ግን ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። እኛ ጤፍ አለን፣ ምስር አለን፣ ግን ወዲያው ምግብ ላይ ቡና ወይ ሻይ ስንጠጣበት ሰውነታችን አይረኑን በደንብ አይወስደውም። ቡናውን ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አራቁት፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፣ ቫይታሚን ሲው ይረዳል። ሳትመረመሩ ግን ኪኒን አትጀምሩ፣ ሲበዛም ጉዳት አለው።

ክረምቱን አገር ቤት ምትሄዱ ካላችሁ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በዲሲ ፔስ አትሩጡ፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ በጊዜና በስሜት ብቻ ሩጡ፣ ከሳምንት ከአስር ቀን በኋላ ይሻሻላል።

ሲሮጡ ስለመብላት። ሰውነታችን ጡንቻና ጉበት ውስጥ ሚያከማቸው ስኳር ውስን ነው፣ በግርድፉ 2,000 ካሎሪ ገደማ፣ አንድ ማይል ደሞ እንደ ክብደታችን 100 ካሎሪ አካባቢ ይበላል፣ ስለዚ ሂሳቡ ራሱ 18ኛና 20ኛ ማይል ላይ ያልቃል፣ ፈረንጆቹ ግድግዳ ሚሉት እሱን ነው። ፈጥኖ ሚጀምር ሰው ደሞ ከስብ ይልቅ ስኳሩን ስለሚያቃጥል ቀድሞ ይጨርሰዋል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ዝግ ማለትና እየሮጡ መብላት። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው ሚመከረው። ልምምድ ላይ በሶ ቀጠን አርጌ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጬ ሞክሬያለሁ፣ ከሎንግ ራን በፊትና በኋላ እሱን ሚያክል የለም፣ አያቶቻችን መንገድ ሲወጡ ሚይዙት ስንቅ ያለምክንያት አልነበረም፣ እየሮጡ ለመጠጣት ግን ሆድ ይሞላል። ስለዚ ለውድድሩ ጌል (በትንሽ ፓኬት ሚመጣ ዝልግልግ ስኳር) መረጥኩ፣ አንዱ 25 ግራም ገደማ ነው፣ በየ40 ደቂቃው አንድ፣ የመጀመሪያው ሳይርበኝ 45 ደቂቃ ላይ። ጌል ሆዳቸው ማይስማማው ቴምር ይሞክሩ። ጌልን በውሃ እንጂ በጌተሬድ አትውሰዱት፣ ስኳር በስኳር ላይ ሆድ ያውካል። እና ደሞ ውሃ በየጣቢያው ሁሉ አትጋቱ፣ ቀስ ብለን ምንሮጥ ሰዎች ነን ውሃ አብዝተን በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥነን ለአደጋ ምንጋለጠው፣ ሲጠማችሁ ጠጡ፣ አንዴ ውሃ አንዴ ጌተሬድ። ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተለማመዱት፣ ጨጓራም ይለማመዳል።

የመጨረሻው ሶስት ሳምንት ቴፐር ነው፣ ርቀቱ ይቀነሳል፣ 20 ማይል ከነበረው ወደ 12፣ ከዛ ወደ 8። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይጨነቃል፣ እኔም ጉልበቴ ያመኛል፣ ጉንፋን ሊይዘኝ ነው፣ ጉልበት አጣሁ ምናምን ስል ነበር፣ ያልፋል፣ ሰውነት እየጠገነ ነው። አንዳንድ ማይል በውድድር ፔስ እየሮጣችሁ እግሩ ፔሱን እንዳይረሳው አርጉ፣ በቃ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሶስት ቀናት ሽሮና ምስር፣ ጎመንና በርበሬ ቀንሱ፣ ጋዝና አሰር ነው፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ድንች ጨምሩ። ሰው ጠርቶ ክትፎ ሊያበላችሁ ቢፈልግ ከውድድሩ በኋላ ለእሁድ ማታ አቆዩት።

የውድድሩ ቀን። ከመነሻው ሶስት ሰዓት ቀደም ብዬ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤና ሙዝ በላሁ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጣሁ። ከፔንታጎን ሜትሮ ጣቢያ እስከ መነሻው ሩቅ ነው፣ ፍተሻም አለ፣ ስለዚ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ምትጥሉትን አሮጌ ሹራብ ልበሱ፣ ጥቅምት ጠዋቱ ይበርዳል። ብብትና ጡት ማስያዣው ሚነካው ቦታ ላይ ቫዝሊን በደንብ ተቀቡ። ጫማ ልምምድ የሮጣችሁበት ይሁን። መድፍ ነው ሚተኮሰው መነሻው ላይ፣ እንዳትደነግጡ።

ፕላኔን በየቦታው ከፋፍዬ ክንዴ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ሮስሊንና ላንግስተን ቡልቫርድ ሽቅብ ናቸው፣ እዛ ላይ 10:50 ድረስ ፈቅጄ ነበር፣ ሰው ሁሉ ጎርፎ ያልፋችኋል፣ ተዉት ይለፍ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከዛ ስፓውት ረን ቁልቁለት ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የጠፋበትን ሰዓት ሊያካክስ ይለቀዋል፣ ቁልቁለት ግን የጭን ጡንቻን ነው ሚፈጨው፣ ዋጋው ሚጠየቀው ድልድዩ ላይ ነው፣ እርምጃዬን አሳጥሬ ወረድኩ። ኪ ብሪጅን ተሻግሮ ጆርጅታውን ሲገባ ጩኸቱ ሌላ ነው፣ ሙዚቃ፣ ደወል፣ ሳታውቁት 9:40 ትሮጣላችሁ፣ እዛ ጋ ሰዓቴን በየደቂቃው አይ ነበር። ከዛ ሮክ ክሪክ፣ ዛፍ ጥላ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ፔስ መያዣ ቦታ እሱ ነው።

ሄይንስ ፖይንት ጋ ግማሹ ርቀት ይሞላል፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ነፋስም ሊኖር ይችላል። እዛ ነው ብሉ ማይል ሚባለው ያለው፣ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ፎቶ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፣ ከዛ ቀጥሎ ቤተሰቦቻቸው ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። ሯጩ ሁሉ ዝም ይላል፣ የእግር ድምጽ ብቻ ነው። እኔ አለቀስኩ፣ ምታለቅሱ ከሆነ አልቅሱ፣ ግን ትንፋሻችሁን ጠብቁ፣ ደረት ሲጨናነቅ ፔስ ይበላሻል፣ እዛ ላይ ቀነስ አድርጌ በጸሎት ነው ያለፍኩት።

ግማሹን ስጨርስ ከፕላኔ አንድ ደቂቃ ዘግይቼ ነበር፣ ደስ አለኝ፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትሮጥ የመጀመሪያው ግማሽ 66:20፣ ሁለተኛው 65:33 ነበር። ያን ያህል ፈጣን ሰው እንኳ ሁለተኛውን ግማሽ አፍጥና ከሮጠች እኛ መጀመሪያ ላይ ምንቸኩልበት ምን ምክንያት አለ።

ናሽናል ሞል (ዲሲ መሀል ያለው ሰፊ ሜዳ) ላይ ሙዚየሞቹ መሀል ሰዉ ይበዛል፣ ቤተሰቦቻችሁ እዛ ሊቆሙ ይፈልጋሉ ፎቶ ስለሚያምር። እኔ ባለቤቴንና ልጆቼን ክሪስታል ሲቲ ነው የላኳቸው፣ 22ኛው ማይል አካባቢ፣ ሜትሮ በሩ ላይ ያወርዳቸዋል፣ ሞል ላይ ለጉልበት ህዝቡ ይበቃል፣ ከድልድዩ በኋላ ግን የራስ ሰው ያስፈልጋል።

ድልድዩ ራሱ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ረጅም ነው፣ ኮንክሪት ነው፣ ጥላ የለውም፣ ተመልካች የለም ማለት ይቻላል። እዛ ላይ ብዙ ሰው መራመድ ይጀምራል፣ እና ሌላ ሰው ሲራመድ ስታዩ የናንተም እግር ፈቃድ ይጠይቃል። ያረኩት ነገር፣ ድልድዩ ከመጀመሩ በፊት ጌል ወሰድኩ፣ አይኔን ከሚራመዱት አንስቼ እየሮጠ ያለ አንድ ሰው ጀርባ ላይ አደረኩ፣ እና ከዛ ጀምሮ ያሉትን ማይሎች ለሰው ሰጠኋቸው፣ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለሟች አባቴ፣ አንዳንዱን ለልጆቼ፣ አንዱን ስራ ቦታ ለማስታምማቸው አንዲት ባልቴት፣ ለያንዳንዳቸው እየጸለይኩ። ፔሱ ወደ 10:30 ወረደ፣ ችግር የለም፣ እየሮጥኩ ነው። ክሪስታል ሲቲ ልጆቼ በአማርኛ ስሜን ጽፈው ይዘው ሲጮሁ ከዛ ሁሉ ህዝብ መሀል የኛን ፊደል ሳየው ጉልበቴ ታደሰ፣ ለዛ ነው ቤተሰብ የት እንደሚቆም ቀድማችሁ ወስኑ ምለው። ከዛ እስከ ፔንታጎን ያለው ሁለት ማይል ነው በስልጠናው የተገነባው እግር ሚታየው፣ የመጀመሪያ ማይሎች ላይ ጎርፈው ያለፉኝን ብዙዎቹን እዛ ጋ አለፍኳቸው።

የአይዋ ጂማ ዳገት ላይ እጃችሁን ወዝውዙ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ ቀና በሉ። ወጣት ማሪኖች ናቸው ሜዳልያውን ሚያጠልቁላችሁ፣ ከ4 ሰዓት ተኩል በታች ነው የገባሁት።

ከገባችሁ በኋላ ወዲያው አትቀመጡ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተራመዱ፣ ጨው ያለው ነገር ብሉ፣ ሚሰጧችሁን ብርድ መከላከያ ልበሱ። ስልክ ኔትወርክ ሊጨናነቅ ስለሚችል ከቤተሰብ ጋር ሮስሊን ላይ ምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሜትሮው ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ትዕግስት ያዙ። በነጋታው ስራ አትግቡ ከቻላችሁ፣ ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ስራችሁ በሽተኛ ማንሳት ከሆነ። መሮጥ ደሞ ደረጃ ስትወርዱ ጭናችሁ ማያማችሁ ጊዜ ነው ምትመለሱት፣ ለኔ ሁለተኛው ሳምንት ነበር፣ እስከዛ በእግር መንሸራሸር ይበቃል።